የእምዬ አንገት

የእምዬ ንቅሳት የሚታይበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው ቤቷ ቡና ስትቀዳ በስልኬ ያነሳሁት ነው። ያነሳሁትም እሷን ብዬ አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ በበሩ የገባው የተሲያት ፀሐይ የዕጣኑን ጢስ ለሁለት ሰንጥቆት ነበርና እሱ አምሮኝ ነው። ጥግ ላይ ጀበናውን የያዘው ቀኝ እጇ ይታያል። ከአውራ ጣቷ ሥር የተነሳ የንቅሳት ሐረግ አንጓዋን ዞሮ ወደ ክንዷ ይወጣል። ስድስት ምልክቶች ጥርት ብለው ይለያሉ፤ ከሰባተኛው ጀምሮ እጇ ስለተንቀሳቀሰ ሁሉም ጭጋግ ነው። አንገቷ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባለች።

ያችን ሰባተኛ ምልክት ለማየት ፎቶውን በጣቶቼ ስንት ጊዜ እንደለጠጥኩት እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

ከዚያ ጉዞ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ስዘጋጅ ነበር። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ቀኝ እጄን ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ልነቀስ ወስኜ ነበር፤ እዚህ ስሊቭ ይሉታል፣ እጅጌ እንደ ማለት። የሐሳቤ ሥር እምዬ ናት፣ የእናቴ እናት። ከእሷ ወዲህ በቤታችን የተነቀሰ ሰው የለም። እናቴ በልጅነቷ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ በዚያ ዘመን በከተማ ንቅሳት የባላገርነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር በንጹሕ አንገቷ ትኮራ ነበር። ታናሿ አክስቴ ደግሞ ነቃሿ የመጣች ዕለት ጎረቤት ቤት ተደብቃ ማደሯን ዛሬም ትናገራለች። አንገታቸውን በሻሽ ሸፍነው ታክሲ የሚሳፈሩ፣ ግንባራቸው ላይ ያለውን መስቀል በሌዘር ለማስጠፋት ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ሴቶችን አውቃለሁ። እኔ ግን የልጅ ልጅ ነኝ። እፍረቱ እኔ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቷል። የእምዬን የእጅ ሐረግ እንዳለ ገልብጬ ከአንጓዬ ላስጀምረው፣ የአንገቷን ረድፎች ደግሞ እንደ አምባር እየደረደርኩ እስከ ትከሻዬ ላወጣቸው ነበር። ሌላ ነገር አላማረኝም። አንበሳ የለ፣ ጥቅስ የለ፣ ክንፍ የለ።

እናቴ ስትሰማ ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቅሳ ተቆጣች። ረቡዕና ዓርብ ከአፏ እህል ያልገባባት፣ ኪዳን የማያመልጣት እምዬ ከአንገቷ እስከ ድዷ ተነቅሳ መኖሯን ሳስታውሳት ግን ዝም አለች።

እጅጌ መነቀስ ቀጠሮ ይዞ እንደ ፀጉር ተሠርቶ የሚወጡበት ነገር አይደለም። ያገኘኋት ነቃሽ ቀብድ ከመቀበሏ በፊት ረጅም ሰዓት አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ስቆስል ጠባሳዬ ያብጣል ወይ? ቀለም ቆዳዬን አስቆጥቶት ያውቃል ወይ? ሥራዬ ክንዴን ፀሐይ ላይ ያውለዋል ወይ? ከዚያ እጄን ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ጠቀለለችው፤ በላዩ ላይ ፕላስተር ለጠፈችና በማርከር ክርኔ የሚታጠፍበትን፣ ጡንቻዬ የሚዞርበትን፣ የብብቴን ወሰን አሰመረች። በመቀስ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃ ስታወልቀው የእጄ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ንድፉ የሚሠራው እዚያ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ፤ እጅ ክብ ነው፣ ወረቀት ደግሞ ዝርግ፣ ወረቀት ላይ ያማረ መስመር ክርን ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ታውቅ ነበር። ቀለም ከዓመታት ጋር ቆዳ ውስጥ እየሰፋ ስለሚሄድ ተጠጋግተው የተነቀሱ ቀጫጭን መስመሮች ውለው አድረው አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። እንደኔ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ክፍተቱ ራሱ የንድፉ ግማሽ ነው፤ ጥቁሩ የሚነበበው በመካከሉ ባለው ባዶ ቆዳ ነው። የአያትሽ ንቅሳት ከስልሳ ዓመት በኋላም የሚነበብ ከሆነ የነቀሰቻት ሴት ክፍተት ማኖር ታውቅበት ነበር ማለት ነው፣ ስለዚህ በምልክትና በምልክት መካከል ያለውን ርቀት ሳይቀር ለክተሽ አምጪልኝ አለችኝ። ፎቶ ከአራት አቅጣጫ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተይዞ። ከፎቶው የሚበልጠው ግን እምዬ ከፈቀደች አንገቷ ላይ ስስ ፕላስቲክ ጣል አድርጎ በማርከር መከተል ነው። አንድ ጥቅል ፕላስቲክና ሁለት ማርከር በስጦታ ሰጠችኝ። 500 ዶላር ቀብድ ከፈልኩ።

በዚያ ዓመት ስለ ንቅሳት ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልቤ የቀረው ኢየሩሳሌም ነው። በአሮጌው ከተማ ራዙክ የሚባሉ፣ ከግብፅ የመጡ የኮፕት ቤተሰቦች ተሳላሚዎችን በመንቀስ ለብዙ ትውልድ ኖረዋል። ንድፎቻቸው እንጨት ላይ የተቀረጹ ናቸው። እንጨቱ ቀለም ነክቶ ቆዳ ላይ ይታተማል፣ መርፌው የታተመውን ይከተላል። የእኛም ሰዎች ለመሳለም ሲሄዱ ክንዳቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው ይመለሱ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ካርስዌል የሚባል እንግሊዛዊ የእነዚያን እንጨቶች ኅትመት ሰብስቦ መጽሐፍ አደረጋቸው። ዛሬ ማንም ሰው የዚያን ቤት ንድፍ ገጽ ገልጦ ያገኘዋል።

የእኛ ሴቶች እንጨት አልቀረጹም። ማተሚያቸው የሌላ ሴት አንገት ነበር። ነቃሿ ካንዷ አይታ፣ በአእምሮዋ ይዛ፣ ወደ ሌላዋ ታሻግረዋለች። የመጨረሻዋ ሴት ስትቀበር መዝገቡ አብሮ ይቀበራል። ይህን አውቄ፣ ለወዳጆቼም እየተናገርኩ ነው ሻንጣዬን የዘጋሁት። ባላውቅ ኖሮ ነገሩ እንዲህ ባላንገበገበኝ።

ኢትዮጵያ የቆየሁት 23 ቀን ነው። ሁለት ሰርግ ከነመልሱ፣ የድሮ ጓደኞቼ ግብዣ፣ ቦሌ ካፌ ለካፌ ስዞር የተቃጠሉ ከሰዓቶች፣ ባሕር ዳር ሁለት ቀን፣ በጀልባ ገዳማቱን መሳለም። እምዬ ዘንድ የደረስኩት ወደ አዲስ አበባ ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው። ከ23ቱ ለእሷ የደረሳት አንድ ተሲያትና አንድ ማታ።

ማታ እራት ከተበላ በኋላ እሷው ናት ወሬውን ያነሳችው።

«እናትሽ በስልክ የነገረችኝ እውነት ነው? እጅሽን ልትነቀሺ ነው አሉ።»

«እንዳንቺ ልሆን ነው እምዬ።»

ሳቀች። ጥቁር ድዷ ታየ፤ በዚያ ላይ ጥርሷ በዚያ ዕድሜዋም ነጭ ነበር። ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ እጭኗ ላይ አጠፈችና የሶላር መብራቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ለሰርጓ ሳምንታት ሲቀሩት እናቷ ነቃሿን ከገበያ ይዛት መጣች። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ በቅጠል ጭማቂ ተለወሰ። መርፌዎቹ በክር አንድ ላይ ታስረው ነበር። ሁለት አክስቶቿ እጅና እግሯን ያዟት፤ አንገቷ አብጦ ለቀናት አጥሚት ብቻ ስትጠጣ ሰነበተች። ዋጋው አንድ ቁና ገብስ ነበር። እያንዳንዱ ረድፍ ስም ነበረው። «ይሄ የዶሮ እግር ነው» አለችኝ ጣቷን ጉሮሮዋ ሥር አድርጋ። «ይሄ ደግሞ...» ብላ ሌላውን ጠራችው። ከዚያ በላይ ያለውንም ጠራችው።

እነዚያን ስሞች አላውቃቸውም። ሲነገሩ እዚያው ነበርኩ፣ ከፊቷ፣ ጉልበቴ ጉልበቷን እየነካ። ግን ስልኬ በራ። ኔትወርክ ጠፍቶ ውሎ ድንገት መጥቶ የቀኑ መልእክት ሁሉ በአንዴ ይዘንብ ጀመር፤ የሰርጉ ፎቶዎች። አንገቴን ደፍቼ እሱን ሳይ እምዬ ስሞቹን ጠርታ ጨረሰች።

«ወርቅ ሌባ ይወስደዋል፣ ብርም ቢቸግር ይሸጣል» አለች። «ይሄን ግን ማን ይወስድብኛል?» ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እኔ ዘነበለች። «ነይ፣ ቁጠሪው። ከእናቴ አንድ ረድፍ ይበልጣል። ለምን እንደጨመሩልኝ ታውቂያለሽ?»

ደክሞኝ ነበር። መንገዱ አድክሞኛል፣ መብራቱም ደብዛዛ ነው፣ ፕላስቲኩና ማርከሮቹም ከሻንጣው ሥር ናቸው። «ነገ በብርሃን እናየዋለን እምዬ፣ ያኔ ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ቅር ያላት አልመሰለኝም። ደግ ናት፤ ቅር ቢላትም አታሳይም።

ሌሊቱን ዘነበ። ሹፌሩ ከቀጠሮው ቀድሞ ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ካልፈጠንን አውሮፕላኑ ያመልጥሻል አለኝ። ተነሥቼ ልብሴን እየጎተትኩ፣ እየሳምኩ፣ እየተሳምኩ ወጣሁ። እምዬ ቁርስ አንጠልጥላ እስከ መኪናው በር ተከተለችኝ። በመስኮቱ እጄን ይዛ «ሳትቆጥሪው?» አለችኝ።

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ያኔ ሳምንት ሙሉ አብሬሽ ነኝ።»

አሁን ሒሳቡን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንገቷን ዙሪያውን ፎቶ ማንሳት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ፕላስቲኩን ጣል አድርጎ መከተል ግማሽ ሰዓት። ሹፌሩ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ ቢባል ይጠብቅ ነበር፤ የተከፈለው እኮ ነው። አውሮፕላኑም ቢያመልጥ የሚቀጥለው ቀን ሌላ አለ። የፕላስቲኩ ጥቅል ሻንጣዬ ውስጥ ሳይከፈት ሄዶ ሳይከፈት ተመለሰ። ጫፉ ላይ ያለው ማጣበቂያ እንኳ አልተላቀቀም።

የፋሲካው ትኬት የተቆረጠው ለሚያዝያ 2012 ነበር። መጋቢት ላይ ዓለም ተዘጋ። ለረጅም ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ ኮሮና ነው ያሳጣኝ እል ነበር፤ እውነት ይመስላል፣ ሰውም ያዝንልኛል። ውሸት ነው። ኮሮና የወሰደው ሁለተኛውን ዕድል ነው። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ ነው የጣልኩት። ደግሞ ከዚያም በኋላ ሌላ መንገድ ነበር። የመንደሩ መምህር ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ነበረው፤ አጎቴ የእሱን ቁጥር ሰጥቶኝ ነበር። ደውዬ «እባክህ ጋሼ፣ የአያቴን አንገት አራት ፎቶ አንሳልኝ» ብለው በማግስቱ ባነሳልኝ። አሥር ወር ሙሉ አልደወልኩም። በራሴ እጅ ካልሆነ ብዬ፣ ስደርስ በደንብ አደርገዋለሁ ብዬ።

የካቲት 2013 አንድ ቅዳሜ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። የሠፈሩ ታላላቅ ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረጃው ላይ ቆመው ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ።

እምዬን ያጠቧትና የገነዟት ጎረቤቶቿ ናቸው። ያን አንገት ለመጨረሻ ጊዜ በብርሃን ያዩት እነሱ ናቸው። ሦስት ሴቶች እንደነበሩ አጎቴ ነግሮኛል። ስንት ረድፍ ነበር ብዬ አስጠየቅኋቸው። በሐዘን ሰዓት ማን ንቅሳት ይቆጥራል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ። መተው እችል ነበር። ስድስቱን ምልክቶች ብቻ አንጓዬ ላይ ተነቅሼ ሌላውን ባዶ መተው እችል ነበር፤ ነቃሿም ይህንኑ ነው የመከረችኝ። ፎቶውን በትልቁ አትማ፣ ጭጋጉ የሚጀምርበትን በእርሳስ ከብባ «ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም። ባዶው ራሱ እውነት ነው አለችኝ። እኔ ግን ባዶውን መሸከም አልቻልኩም። ቀብዱም እንዳይቀርብኝ ሠጋሁ፤ አዎ፣ በ500 ዶላር ሠጋሁ። ኢንተርኔት ላይ ሦስት ሌሊት ፈልጌ፣ የተነቀሱ አሮጊቶች ፎቶ ሰብስቤ፣ የእምዬን ይመስላል ያልኩትን መርጬ ሰጠኋት።

በሰባት ቀጠሮ ተሠራ፤ በየቀጠሮው አራትና አምስት ሰዓት፣ በመካከሉ ቁስሉ እስኪሽር ሦስት አራት ሳምንት። መጀመሪያ መስመሩ ብቻ፣ ከዚያ ጥላው። ማሽኑ መርፌውን በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ይወጋል። የክንድ ውጭው ይቻላል፤ የክርን ጉድጓድና የብብት አካባቢ ግን ጥርስ ያስነክሳል። ሕመሙን ፈልጌው ነበር። እምዬን ሁለት አክስቶቿ ይዘዋታል፣ እኔን ማንም አልያዘኝም እያልኩ እጽናና ነበር። ምን የሚያጽናና ነገር እንደነበረው አሁን አላውቅም።

በቀጠሮዎቹ መካከል ሳነብ ቀለም ቆዳ ውስጥ እንዴት እንደሚቆይ አወቅሁ። መርፌው ቀለሙን ከላይኛው ቆዳ ሥር አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ጠልቆ ያኖረዋል። ሰውነት ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ የሚውጡ ሕዋሳትን ይልካል፤ እነሱም ቀለሙን ውጠው እዚያው ይቀመጣሉ። ሕዋሱ ሲሞት ቀለሙ ይፈስሳል፣ ወዲያው ሌላ ሕዋስ መጥቶ ያንኑ ቀለም ይረከባል። ይህን በአይጦች ጅራት ላይ ያሳዩት በ2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው። በእምዬ አንገት ላይ ሟቹ ለተተኪው እያስረከበ ከስልሳ ዓመት በላይ ሳይጎድል ደረሰ። ዓይን የሌለው ሕዋስ ያላጠፋውን እኔ ዓይን እያለኝ፣ ስልክ በእጄ እያለ አጠፋሁት።

በ2015 ዓ.ም. አክስቴ ለጉብኝት መጣች። ያቺው ከነቃሿ የተደበቀችው። ቤቴ በገባች በመጀመሪያው ማታ እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አንጓዬን ያዘች፣ ስድስቱን ምልክቶች ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ «የእማዬ እጅ» አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ላይ ሄደ። ክንዴ ላይ ቆመ። ወዲያና ወዲህ አገላበጠችኝ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የእምዬ አንገት።»

«አይደለም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች። «እማዬ እንዲህ ያለ የላትም።»

በኋላ ፎቶዎቹን የወሰድኩበትን ተከትዬ ሄድኩ። አብዛኞቹ የአልጄርያ አማዚግ ሴቶች ነበሩ። የእነሱም ንቅሳት የእናት ነው፣ ክቡር ነው፣ የሚያለቅሱለት የልጅ ልጆች አሉት። ያለ ፈቃዳቸው ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ ተሸክሜዋለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉም እሸከመዋለሁ።

አክስቴ ግን ልታጽናናኝ ፈለገች። «ግድ የለም፣ እኔ አስታውሰዋለሁ» ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀች። እኔ ያን ያልተከፈተ የፕላስቲክ ጥቅልና ማርከሮቹን ከቁም ሣጥን አወጣሁላት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጉሮሮ ሥር የነበረውን የዶሮ እግር ሣለች፤ እኔም የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ከላዩ ነጠብጣብ ያለበት ረድፍ አስከተለች። ሦስተኛው ላይ እጇ ዘገየ፣ አራተኛውን መስቀል አድርጋ ጀምራ ሰረዘችው። እናቴ ጋ ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍ አድርገን አስቀመጥነው።

«አራት ረድፍ ነው አይደል?» አለቻት አክስቴ።

«አምስት ነው እንጂ። ከአያታችን አንድ ይበልጣል ትል አልነበር?»

«የአያታችን ሦስት ነበራ፣ ስለዚህ አራት!»

«የአያታችን አራት ነው። አንቺ በዚያ ጊዜ ሕፃን ነበርሽ።»

«አንቺስ ከተማ ነበርሽ!»

ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ እናቴ በስልኩ ውስጥ ስሜን ጠራችኝ። «በመጨረሻ ያየሻት አንቺ ነሽ» አለችኝ፣ «ስንት ነበር?»

አክስቴ ማርከሩን ፕላስቲኩ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።